በኮሞዶር 64 ላይ ከአንድ ዲስክ በርካታ ቅጂዎችን ጊዜ ሳያባክኑ የማዘጋጀት መመሪያ

በአንድ ምሽት ሃያ ወይም ሠላሳ ፍሎፒ ዲስክ መቅዳት ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው በድራይቩ ቀርፋፋነት ነው። ቅሬታው እውነት አለው፤ ሆኖም ሥራውን በሰዓት ለክቶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከምሽቱ ትልቁን ድርሻ የሚበላው አንዱኑ ዲስክ ደጋግሞ ማንበብና ዲስክ ሲያወጡ ሲያስገቡ መዋል ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ድካም ለመቀነስ ነው። መሣሪያችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒውተር እና አብሮት የሚሠራው 1541 የተባለው ዲስክ ድራይቭ ነው። በምሳሌነት የምወስደውም በ1980ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የነበሩ የተጠቃሚዎች ክበባት ይሠሩት የነበረውን ሥራ ነው፤ አባላት የጻፏቸውን ፕሮግራሞች በአንድ ዲስክ ላይ ሰብስበው ለእያንዳንዱ አባል አንዳንድ ቅጂ ያድሉ ነበር። ዛሬም እነዚህን ማሽኖች ጠግነው የሚጠቀሙ ሰዎች ስላሉ አሠራሩ ከጥቅም ውጭ አልሆነም። እዚህ ላይ መቅዳት የምለው የራስን ሥራ ወይም ባለቤቱ እንዲሰራጭ የፈቀደውን ፕሮግራም ማባዛትን ነው።

ማሽኑ ለምን እንደሚዘገይ

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ጥቂት ቁጥሮችን ማወቅ ይጠቅምዎታል፤ በኋላ የምሰጣቸው ምክሮች ሁሉ ከእነዚህ ቁጥሮች የሚመነጩ ናቸውና። 1541 የሚጠቀመው 5.25 ኢንች ስፋት ያለውን፣ ሲይዙት የሚተጣጠፈውን ዲስክ ሲሆን፣ የሚጽፈውም በአንደኛው ገጽ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ገጽ ላይ 35 ትራኮች (ክብ መስመሮች)፣ በትራኮቹም ላይ በድምሩ 683 ሴክተሮች (የትራክ ክፍልፋዮች) አሉ። እያንዳንዱ ሴክተር 256 ባይት ስለሚይዝ ሙሉው ዲስክ 174,848 ባይት ይሆናል። 18ኛው ትራክ ለፋይሎች ዝርዝርና ለቦታ መዝገብ (የትኛው ሴክተር እንደተያዘ ለሚያሳየው) የተያዘ በመሆኑ ለተጠቃሚው የሚቀሩት 664 ብሎኮች፣ ማለትም ሴክተሮች፣ ናቸው። የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ደግሞ 64 ኪሎባይት ብቻ ነው። ዲስኩ ከሜሞሪው በእጅጉ ስለሚበልጥ አንድን ዲስክ በአንድ ጊዜ አንብቦ በአንድ ጊዜ መጻፍ፣ ተጨማሪ መሣሪያ ከሌለ በስተቀር፣ አይቻልም።

ሁለተኛው ችግር መንገዱ ነው። ድራይቩ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በውስጡ የራሱ 6502 ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት ገመድ ግን አንድ አንድ ቢት እያስተላለፈ ስለሚሄድ፣ ማሽኑ አብሮት በተሠራው አሠራር በሴኮንድ የሚያልፈው 400 ባይት ገደማ ነው። የዚህ መነሻ ከኮሞዶር 64 ይቀድማል፤ ከእርሱ በፊት በነበረው ቪክ 20 ላይ መረጃውን በፍጥነት ያስተላልፋል ተብሎ የታሰበው ቺፕ እንከን ስለተገኘበት ሥራው በፕሮግራም እንዲከናወን ተደረገ። ኮሞዶር 64 ያንኑ ወረሰ፤ በዚያ ላይ ምስል የሚያወጣው ቺፕ ፕሮሰሰሩን በየጊዜው ስለሚያስቆመው ፍጥነቱን የበለጠ መቀነስ ግድ ሆነ። በዚህ ፍጥነት ሙሉ ዲስክ ለማንበብ ብቻ ከሰባት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ዲስኩ ግን በደቂቃ 300 ጊዜ የሚዞር ስለሆነ 35ቱ ትራኮች በሄዱ (ዲስኩን በሚያነብበውና በሚጽፈው የድራይቩ ክፍል) ሥር አንድ አንድ ዙር ለማለፍ የሚያስፈልጋቸው ሰባት ሴኮንድ ነው። ሰባት ደቂቃና ሰባት ሴኮንድ! ፈጣን የሚባሉት የመቅጃ ፕሮግራሞች ሁሉ የተወለዱት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። የሚያደርጉትም በድራይቩ 2 ኪሎባይት ሜሞሪ ላይ የራሳቸውን አጭር ፕሮግራም አስቀምጠው፣ ነባሩን የመነጋገሪያ ዘዴ በተሻለ መተካት ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ዋናውን ዲስክ ማጽዳትና መጠበቅ

በዋናው ዲስክ ላይ ያለ ስሕተት ሃያ ጊዜ ይባዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ የፋይሎቹን ዝርዝር አውጥተው ከፋይሉ ዓይነት አጠገብ የኮከብ ምልክት ያለበት ካለ ይመልከቱ። ኮከቡ ፋይሉ ሲጻፍ በወጉ እንዳልተዘጋ የሚያመለክት ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ፋይል በተለመደው የመሰረዣ ትእዛዝ ማጥፋት ሌሎች ፋይሎችን ሊያበላሽ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ቫሊዴት የተባለውን ትእዛዝ መስጠት ነው፤ ይህ ትእዛዝ ያልተዘጉትን ፋይሎች ያስወግዳል፣ የቦታ መዝገቡንም እንደገና ያስተካክላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች መረጃቸውን በፋይል መልክ ሳይሆን በቀጥታ በሴክተሮች ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ቫሊዴት እነዚያን ሴክተሮች ባዶ ናቸው ብሎ ይመዘግባቸዋል። በዲስክዎ ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካለ ትእዛዙን ፈጽሞ አይስጡ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፕሮግራም ከዲስኩ ላይ ጭነው ያስኬዱ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ሰዎችም ይዘሉታል፤ ቅጂው ከተሰጠ በኋላ ግን አንዱን ፕሮግራም አስተካክሎ ለሁሉም እንደገና ማደል የበለጠ ያሰለቻል።

ዋናው ዲስክ ሲረጋገጥ አንድ ቅጂ ያውጡለትና ዋናውን ከጠረጴዛው ያርቁት። ከአሁን በኋላ የሚገለብጡት ከዚህ ቅጂ ነው፤ ምንጭ ዲስክ እለዋለሁ። የምንጭ ዲስኩን የጎን ቀዳዳ በማሸጊያ ተለጣፊ ይሸፍኑት። እዚህ ላይ ልማድ ያታልላል። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቻችን የምናውቀው ጠንካራ ልባስ ያለውን 3.5 ኢንች ፍሎፒ ነው፤ በእርሱ ላይ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን መጻፍ ይከለከላል። በ5.25 ኢንቹ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የጎኑ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ መጻፍ ይቻላል፣ ከተሸፈነ አይቻልም። ብርሃን የማያሳልፍ ተለጣፊ ይጠቀሙ፤ ድራይቩ ቀዳዳውን የሚያየው በብርሃን ስለሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ስኮች ሊያሞኘው ይችላል። ለምንጭ ዲስኩ ከሩቅ የሚለይ ቀለም ያለው ተለጣፊ፣ ለምሳሌ ቀይ፣ ቢመርጡ ደግሞ ሌሊቱ ሲገፋና ዓይን ሲደክም ያመሰግኑኛል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ባዶዎቹን ዲስኮች መለየት

አዲስ 5.25 ኢንች ዲስክ ማግኘት ዛሬ ከባድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ቆይተው የተገኙትን ነው። የሚያስፈልግዎት ደብል ዴንሲቲ የሚባለው ዓይነት ነው። በኋላ ለፒሲ የመጣው 1.2 ሜጋባይት የሚይዘው ሃይ ዴንሲቲ ዲስክ በመጠኑ አንድ ዓይነት ሆኖ በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን የላዩ ቅብ ጠንከር ያለ ማግኔታዊ ኃይል የሚፈልግ በመሆኑ 1541 በትክክል አይጽፍበትም፤ ዛሬ የተነበበ መስሎ ሳምንት ሳይቆይ ይከዳል። መለያ ወረቀቱ የጠፋበትን ዲስክ ለመለየት መሐል ላይ ያለውን ትልቅ ቀዳዳ ይመልከቱ፤ በደብል ዴንሲቲ ዲስኮች ላይ ብዙውን ጊዜ ማጠናከሪያ ቀለበት አለ፣ በሃይ ዴንሲቲዎቹ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ከዚያም እያንዳንዱን ዲስክ ብርሃን ላይ ይዘው፣ በመሐሉ ቀዳዳ ጠርዙን በጣትዎ ቀስ አድርገው እያዞሩ፣ ሄዱ በሚነካበት ክፍት መስኮት በኩል የሚታየውን ገጽ ይመርምሩ። ጭረት፣ የጣት አሻራ፣ በተለይም እንደ ጉም የሚመስል ነጫጭ ሻጋታ ያለበትን ወዲያው ይለዩት። ሻጋታ ያለበት ዲስክ የሚያጠፋው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ሄዱን ያቆሽሽና ተከትለው የሚገቡትን ሁሉ ያበላሻል። ሲዞር የሚከብድ ወይም የሚንኳኳ ካለም ያስቀሩት። ለሃያ ቅጂ ሃያ አራት ያህል የተመረመሩ ዲስኮች ቢያዘጋጁ በመሐል ፍለጋ አይነሡም።

የዲስኩን ጎን በመቁረጫ በስተው ሁለተኛውን ገጽ መጠቀም ያኔም ዛሬም የተለመደ ነው፣ ለራስ ከሆነም ቁጠባ ነው። ለሌላ ሰው ለሚሰጥ ቅጂ ግን አልመክረውም። ተገልብጦ የገባ ዲስክ የሚዞረው በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ፣ በልባሱ ውስጥ ያለው ስስ ጨርቅ የያዘውን አቧራ መልሶ ሊለቀው ይችላል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ድራይቩን ማሰናዳት

ሄዱን በንጹሕ አልኮልና ጭራሽ በማይረግፍ የጥጥ እንጨት ቀስ አድርገው ይጥረጉትና አልኮሉ እስኪተን ይጠብቁ። ረጅም ሥራ ከሆነ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዲስክ በኋላ ይድገሙት፤ ያረጁ ዲስኮች ከሆኑ ከዚያም ባነሰ። የመጀመሪያው 1541 የኃይል ማስተካከያውን በሆዱ ይዞ ስለሚሠራ በጣም ይሞቃል። ሁለት ድራይቮችን አንዱን በሌላው ላይ መደርደር ቦታ ይቆጥብ ይሆናል፣ ነገር ግን የታችኛው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ዲስክ በውስጡ ተቆልፎ ሳለ ድራይቩን አያብሩ፣ አያጥፉም።

አራተኛ ደረጃ፦ አንድ ድራይቭ ብቻ ላለው

አንድ ድራይቭ ብቻ ካለዎት ሥራው በዙር ይከናወናል፤ ፕሮግራሙ ከምንጩ የቻለውን ያህል ወደ ሜሞሪ ያነብባል፣ ባዶውን ያስገቡለታል፣ ይጽፋል፣ ምንጩን መልሰው ያስገቡለታል። ፕሮግራሙ ለመረጃ የሚያውለው ሜሞሪ 45 ኪሎባይት ነው ብንል፣ ሙሉ ዲስክ ለማዛወር አራት ዙር ያስፈልጋል። ቡና እንኳ አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ በሦስተኛው ይበቃል! ለአንድ ቅጂ አራት ጊዜ ምንጩን፣ አራት ጊዜ ባዶውን ማስገባት ማለት ስምንት ማስገባት ነው፤ ለሃያ ቅጂ 160 ይሆናል። ከእነዚህ በአንዱ እንኳ ምንጩና ባዶው ቢምታቱ የቀዩ ተለጣፊ ጥቅም ያን ጊዜ ይታወቃል፤ ድራይቩ 26 ቁጥር ስሕተት ይሰጥና አንድም ነገር ሳይጽፍ ይቆማል።

ይህን ቁጥር የሚቀንሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፕሮግራሙ በዲስኩ የቦታ መዝገብ ላይ ተይዘዋል የተባሉትን ብሎኮች ብቻ እንዲገለብጥ ማዘዝ ነው። በዲስክዎ ላይ ካሉት 664 ብሎኮች የተያዙት 330 ከሆኑ አራቱ ዙር ወደ ሁለት ይወርዳል። ስለዚህ የክበብ ዲስክ ሲያዘጋጁ ዝም ብሎ መሙላት ዋጋ እንዳለው ያስቡ፤ ማንም የማይከፍተውን አሮጌ ፋይል አውጥቶ ዲስኩን በሁለት ዙር ልክ ማድረግ ምሽቱን በግማሽ ያሳጥራል። ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው በቀጥታ በሴክተር ላይ የሚጽፉ ፕሮግራሞች ካሉ ግን ይህ መንገድ እነርሱን ይዘላቸዋልና ሙሉውን መገልበጥ ግድ ነው።

ሁለተኛውና የተሻለው መንገድ ተጨማሪ ሜሞሪ ነው። ኮሞዶር ራሱ በካርትሪጅ መልክ ከኋላ የሚሰኩ የሜሞሪ ማስፋፊያዎችን ሠርቷል፤ 1764 የተባለው 256 ኪሎባይት፣ 1750 የተባለው ደግሞ 512 ኪሎባይት ይይዛል። 256 ኪሎባይት ማለት 262,144 ባይት ስለሆነ ሙሉው ዲስክ ይገባበትና ቦታ ይተርፋል። ማስፋፊያውን የሚያውቅ የመቅጃ ፕሮግራም ካለዎት ምንጩን አንድ ጊዜ ብቻ ያነብባሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንጩን ወደ ማኅደሩ መልሰው ባዶ ዲስክ ተራ በተራ ማስገባት ብቻ ይቀርዎታል። 160 የነበረው ማስገባት 21 ሆነ ማለት ነው። በአንድ ድራይቭ ብዙ ለሚቀዳ ሰው ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም አላውቅም፤ ምንጭ ዲስኩም ባልተነበበ ቁጥር አያረጅም።

አምስተኛ ደረጃ፦ በሁለት ድራይቭ መሥራት

ሁለት ድራይቭ ሲኖር ዲስክ ማፈራረቅ ይቀራል፤ ምንጩ በአንዱ ተቀምጦ ይውላል፣ ባዶው በሌላው ይለዋወጣል። ችግሩ ሁለቱም ከፋብሪካ ሲወጡ መለያ ቁጥራቸው 8 መሆኑ ነው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲጠሩ እንደሚሆነው ሁለቱም አቤት ይላሉ። አንደኛው 9 መሆን አለበት። 1541-2 የተባለው የኋለኛው ሞዴል ከጀርባው ትንንሽ ማብሪያዎች ስላሉት በቀላሉ ይቀየራል። በመጀመሪያው ሞዴል ላይ ግን ቁጥሩን በቋሚነት ለመቀየር ክዳኑን ከፍቶ በሰርኪዩት ቦርዱ ላይ የተሠመረ መስመር መቁረጥ ያስፈልጋል። መቁረጥ ካልፈለጉ በፕሮግራም ይቀየራል፤ ለዚህ የሚሆን አጭር ፕሮግራም ከድራይቩ ጋር አብሮ ይሸጥ በነበረው የሙከራ ዲስክ ላይ አለ።

ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ የመጀመሪያውን ድራይቭ ከኮምፒውተሩ ጋር፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጀርባ ጋር በገመድ ያያይዙ። ኮምፒውተሩንና 9 እንዲሆን የፈለጉትን ድራይቭ ብቻ ያብሩ። ቁጥር መቀየሪያውን ፕሮግራም ጭነው ያስኬዱ፤ ድራይቩ 9 ከሆነ በኋላ ሌላውን ያብሩ። እርሱ 8 እንደሆነ ይቀጥላል። ከሁለቱም የፋይል ዝርዝር አውጥተው መልስ መስጠታቸውን ያረጋግጡ። በፕሮግራም የተሰጠ ቁጥር ድራይቩ ሲጠፋ ይጠፋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም አለ፤ ኮምፒውተሩንና ድራይቮቹን የሚያያይዘው ገመድ የሪሴት (ከመጀመሪያ የማስነሻ) መስመርም ስለያዘ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ቢያበሩ ድራይቮቹም አብረው ከመጀመሪያ ይነሣሉ፣ 9 የነበረውም ወደ 8 ይመለሳል።

አሁን ለሁለት ድራይቭ የተሠራ ፈጣን የመቅጃ ፕሮግራም ይጫኑ። በ1985 የወጣው ፋስት ሃከም በዚህ ረገድ ስሙ የታወቀ ነው። የሚገርመው አሠራሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ለሁለቱም ድራይቮች የድርሻቸውን ካስተላለፈ በኋላ ሥራው ሙሉ በሙሉ የእነርሱ ይሆናል። አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ መረጃውም ኮምፒውተሩን ሳይነካ በገመዱ ከድራይቭ ወደ ድራይቭ ያልፋል። ከትራኮቹ ትልቁ 21 ሴክተር፣ ማለትም 5,376 ባይት የሚይዝ ሲሆን የድራይቩ ሜሞሪ 2,048 ባይት ብቻ ስለሆነ አንድ ትራክ እንኳ በአንድ ጊዜ አይያዝም፤ እየቆነጠሩ ያቀባብላሉ። ከተጀመረ በኋላ ኮምፒውተሩን ከገመዱ ነቅሎ ድራይቮቹን ብቻቸውን ማሠራት እንደሚቻል በኩራት የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ፣ እውነትም ይቻላል። እኔ ግን ኃይል እንደበራ ገመድ መንቀልና መሰካት የኮምፒውተሩን ቺፕ ሊያቃጥል ስለሚችል ለትርኢት እንጂ ለሥራ አልመክረውም። ኮምፒውተሩን እንደበራ ይተዉት፣ ስክሪኑን ብቻ ያጥፉ።

ባዶዎቹን አስቀድሞ ፎርማት ማድረግ (ትራክና ሴክተር አስምሮ ለመጻፍ ማዘጋጀት) ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በድራይቩ ነባር ትእዛዝ አንድን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ደግሞም 1541 ሄዱ የመጀመሪያው ትራክ ላይ መድረሱን የሚያውቅበት ዳሳሽ ስለሌለው፣ ፎርማት ሲጀምር ሄዱን ከማቆሚያው ጋር ደጋግሞ ያጋጨዋል። ያ ሁሉም የሚያውቀው የመንኳኳት ድምፅ እርሱ ነው። ሃያ ዲስክ ፎርማት ማድረግ ማለት ሃያ ጊዜ ማጋጨት ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት የሄዱን አሰላለፍ ያዛባል። ስለዚህ እየጻፈ አብሮ ፎርማት የሚያደርግ የመቅጃ ፕሮግራም ይምረጡና አስቀድሞ ፎርማት ማድረጉን ይተዉት።

የእጅዎን ሥራም እንዲሁ ያደራጁ። ባዶዎቹ በግራዎ፣ ያለቁት በቀኝዎ፣ የተበላሹት ደግሞ ከሁለቱም በራቀ ቦታ፣ ቢቻል ወለል ላይ ባለ ካርቶን ውስጥ ይሁኑ። የተበላሸ ዲስክ ለጊዜው ተብሎ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ከሌሎች ጋር መቀላቀሉ አይቀርም። የሚቀጥለው ባዶ ዲስክ ሁልጊዜ ከወረቀት ልባሱ ወጥቶ በእጅዎ ይጠብቅ፤ የድራይቩ መብራት ሲጠፋ የተጻፈውን አውጥተው በዚያው እንቅስቃሴ ሌላውን ያስገባሉ። ድራይቩ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የቀደመውን ቅጂ ወደ ልባሱ መልሰው መለያውን ይለጥፉ። የመጀመሪያውን ቅጂ በሰዓት ይለኩት። አንዱ ቅጂ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅና ለመለዋወጥ አሥር ሴኮንድ ቢጨምሩበት፣ ሃያው በ34 ደቂቃ ያልቃል። ዲስኩን ፈልገው፣ ከልባሱ አውጥተው፣ አገላብጠው ለማስገባት 40 ሴኮንድ ቢወስድብዎት ግን አሥር ደቂቃ በከንቱ ጨመሩ ማለት ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ቅጂውን በሌላ ድራይቭ ማረጋገጥ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋ ነው፤ እኔም የተማርሁት በውርደት ነው። አንድ ጊዜ አሥራ አምስት ዲስክ ቀድቼ፣ እያንዳንዱን በዚያው በጻፍሁበት ድራይቭ ላይ አንብቤ፣ ሁሉም ደኅና ነው ብዬ አደልሁ። በማግስቱ የመጀመሪያው ሰው፣ በሦስተኛው ቀን ሌሎች አራት ሰዎች ዲስኩ አይነበብም አሉኝ። የእኔ ድራይቭ ሄድ ከመስመሩ ትንሽ ዞር ብሎ ነበር። በተዛባ መስመር ጽፎ በዚያው በተዛባ መስመር ስለሚያነብብ ለእርሱ ሁሉም ነገር ልክ ነበር፤ የሰዎቹ ድራይቮች ግን በትክክለኛው ቦታ ላይ ፈልገው ያጡታል። ከዚያ ወዲህ ቅጂዬን የማረጋግጠው ባልጻፈው ድራይቭ ላይ ብቻ ነው። በሁለት ድራይቭ ሲሠሩ፣ በ9 የተጻፈውን የመጀመሪያውን ቅጂ በ8 ላይ ሙሉውን ያንብቡ፤ ካነበበው ይቀጥሉ፣ ካላነበበው ሃያውን ከመቅዳትዎ በፊት አወቁት። ከዚያ በኋላ ከየአምስቱ አንዱን እንዲሁ መፈተሽ ይበቃል። በፋብሪካ የተባዙ የቆዩ ዲስኮች ካሉዎት እነርሱም ጥሩ መለኪያ ናቸው፤ ከተለያየ ቦታ የመጡትን ሁሉ ሳይንገዳገድ የሚያነብብ ድራይቭ አሰላለፉ ደኅና ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

ሲያረጋግጡ አንድ ወጥመድ አለ። እያንዳንዱ ዲስክ ፎርማት ሲደረግ ሁለት ፊደል ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ ድራይቩም ዲስክ መቀየሩን ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። ሙሉውን ዲስክ የሚገለብጥ ፕሮግራም መለያውንም ስለሚገለብጥ ሃያዎቹ ቅጂዎች ሁሉ አንድ መለያ ይኖራቸዋል። እነዚህን እየለዋወጡ አንድ ነገር ቢጽፉባቸው፣ ድራይቩ የቀደመውን ዲስክ የቦታ መዝገብ በሜሞሪው ይዞ በአዲሱ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ዲስክ በቀየሩ ቁጥር የኢኒሺያላይዝ ትእዛዝ ይስጡ፤ ድራይቩ መዝገቡን ከዲስኩ ላይ እንደገና ያነብባል። ለመፈተሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከማስገባትዎ በፊት ቅጂውን በተለጣፊ መሸፈን የበለጠ አስተማማኝ ነው።

የድራይቩ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ስሕተት አለ ማለት ነውና ቁጥሩን በስሕተት መስመሩ በኩል ያንብቡ። 21 ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ጭራሽ ፎርማት እንዳልተደረገ ወይም በትክክል እንዳልገባ ያመለክታል። 23 በመረጃው ውስጥ ያለው የማረጋገጫ ድምር እንዳልገጠመ፣ 25 የተጻፈው ተመልሶ ሲነበብ እንዳልተመሳሰለ፣ 29 የዲስኩ መለያ ከተጠበቀው እንደተለየ ይናገራል። 73 ግን አያስደንግጥዎት፤ ድራይቩ ሲነሣ ስሙን የሚናገርበት ቁጥር ነው። በ23 ወይም በ25 የወደቀውን ዲስክ ሄዱን አጽድተው አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ይሞክሩት። በሁለተኛው ካለፈም እንኳ ለሰው አይስጡት፣ ለራስዎ ያስቀሩት። ሁለት ሦስት ዲስኮች በተከታታይ በአንድ ዓይነት ቁጥር ከወደቁ ደግሞ ጥፋቱ የዲስኮቹ ሳይሆን የቆሸሸ ወይም የሞቀ ድራይቭ ነውና ሥራውን አቁመው ያሳርፉት።

ሰባተኛ ደረጃ፦ መለያ፣ አቀማመጥና ለሚቀጥለው ጊዜ የሚቀር

በመለያ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ከመለጠፉ በፊት ይጻፉ። ከተለጠፈ በኋላ በእስክርቢቶ መጻፍ ከሥሩ ያለውን ስስ ገጽ ይጨቁነዋል፤ መጨመር ግድ ከሆነ ለስላሳ ጫፍ ባለው ማርከር ይጻፉ። በመለያው ላይ የዲስኩ ስም፣ ወሩና ዓመቱ፣ የቅጂው ተራ ቁጥርና የጻፈው ድራይቭ ቁጥር ቢኖሩ፣ ቅሬታ ሲመጣ ከየትኛው ድራይቭ እንደወጣ ወዲያው ይታወቃል። ያለቁትን ዲስኮች ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው፤ ከቴሌቪዥን፣ ከድምፅ ማጉያና ከማንኛውም ማግኔት ያርቋቸው። ለሰው የሚሰጡትን የጎን ቀዳዳ ሸፍነው መስጠት ጥሩ ልማድ ነው፤ ተቀባዩ መጻፍ ከፈለገ ተለጣፊውን ያነሣዋል።

ዛሬ ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዙምፍሎፒ የተባለው አነስተኛ መሣሪያ 1541ን በዩኤስቢ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ያገናኛል፤ ሙሉው ዲስክም ዲ64 በሚባል ፋይል መልክ ይቀመጣል። ስሕተት ከሌለበት የፋይሉ መጠን መጀመሪያ ላይ የጠቀስሁት ያው 174,848 ባይት ነው፤ መጠኑ ከዚህ የተለየ ፋይል ካገኙ ከመጠቀምዎ በፊት ምክንያቱን ይመርምሩ። ምንጭ ዲስኩን እንዲህ አስቀምጦ ቅጂዎቹን ከፋይሉ መጻፍ፣ 256 ኪሎባይቱ ማስፋፊያ ያኔ ይሰጥ የነበረውን ጥቅም ይሰጣል፤ ምንጩ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፋይሉ ቢኖርም ዋናውን ዲስክ አይጣሉት፤ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያስቀምጡት፣ የሚቀጥለውንም ዙር ሲጀምሩ መጀመሪያ ሄዱን ያጽዱ።